የዶክተር ጋሪ ኪልዶል የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በአንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ኩባንያ ያቋቋሙትን የአሜሪካዊውን የዶክተር ጋሪ ኪልዶልን ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዶክተር ኪልዶል በ1942 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ ተወለዱ። ቤተ ሰቦቻቸው የመርከብ አመራር የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለ ነበራቸው እርሳቸውም በወጣትነታቸው በዚያው አስተምረዋል። በ1972 ዓ.ም. በዶክትሬት ማዕርግ ከተመረቁ በኋላ በካሊፎርኒያ፣ በሞንተሬይ ከተማ በሚገኘው የባሕር ኃይል ከፍተኛ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ።

በ1974 ዓ.ም. ሲ ፒ ኤም የተባለውን ፕሮግራም ሠሩ። ሥራው ትንሹ ኮምፒውተር ጽሑፍን በዲስክ ላይ እንዲያኖርና መልሶ እንዲያነብ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችንም እንዲያስኬድ ማድረግ ነው። በአማካሪነት ያገለግሉት ለነበረው ለኢንቴል ኩባንያ ቢያቀርቡለት አልፈለገውም። ስለዚህ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዶሮቲ ጋር ሆነው በፓሲፊክ ግሮቭ ከተማ ዲጂታል ሪሰርች የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ።

ችግሩ ግን የየፋብሪካው ኮምፒውተር አሠራሩ የተለያየ መሆኑ ነበር። ለእያንዳንዱ ፕሮግራሙን እንደገና መጻፍ ለጥቂት ሰዎች የማይቻል ድካም ነው። ዶክተሩ ከመሣሪያው ጋር የሚገናኘውን ጥቂት ክፍል ለይተው ባዮስ ብለው ሰየሙት፤ ሌላው ሳይነካ ይህን ብቻ መለወጥ በቂ ሆነ። በእኛ አስተያየት የኩባንያው እውነተኛ ሀብት ይህ መለያየት ነው። ኢምሳይ የተባለው የኮምፒውተር ፋብሪካ በ1977 ዓ.ም. ለመጠቀሚያ ፈቃዱ 25,000 ዶላር ከፈለ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

በ1980 ዓ.ም. አይ ቢ ኤም ላዘጋጀው አዲስ ኮምፒውተር ፕሮግራም ፈልጎ መልእክተኞቹን ላከ። ዶክተሩ በገዛ አውሮፕላናቸው ሄደው ስለ ነበር ለመዝናናት ሲበሩ ዕድላቸው አመለጣቸው የሚል ወሬ ተዛመተ፤ የሄዱት ግን ለሥራ ነበር። ወይዘሮ ዶሮቲ የቀረበላቸውን የምስጢር ውል ሳይፈርሙ ቀሩ። ማይክሮሶፍት ሲ ፒ ኤምን የሚመስል ፕሮግራም ከሌላ ገዝቶ ለአይ ቢ ኤም አቀረበ። ዶክተር ኪልዶል በመመሳሰሉ ቢከራከሩ አይ ቢ ኤም ሁለቱንም ለመሸጥ ተስማማ። ነገር ግን የማይክሮሶፍቱ 40 ዶላር፣ የእርሳቸው 240 ዶላር ሆኖ ገበያ ወጣ። ከአውሮፕላኑ ወሬ ይልቅ የጎዳቸው ይህ የዋጋ ልዩነት ይመስለናል፤ ገዢው ርካሹን መረጠ።

ኩባንያው በ1991 ዓ.ም. ለኖቬል ተሸጠ። ዶክተር ኪልዶል በ1994 ዓ.ም. በሞንተሬይ በ52 ዓመታቸው ዐረፉ። በ2014 ዓ.ም. ፓሲፊክ ግሮቭ ውስጥ በነበረው መሥሪያ ቤታቸው ፊት ለፊት የመታሰቢያ ሰሌዳ ተተክሎላቸዋል።