የሁለት ፊደላት ውርስ

ለመሆኑ ፊል ካትዝን ያውቁታል? ላያውቁት ይችላሉ፤ የስሙን መነሻ ፊደላት ግን በየቀኑ ይልካሉ፣ ይቀበላሉም፡፡ ዛሬ በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ አንድ ጠበቃ በአዲሱ የወርድ ፋይል ዓይነት ክስ አዘጋጅቶ ቢልክ፣ ፋይሉ የሚጀምረው ፒ እና ኬ በተባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፡፡ ፋይሉ በውስጡ ዚፕ ነውና፡፡

ካትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ተወለደ፡፡ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረ፡፡ በ1986 ፒኬዌር የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፡፡ ዘመኑ ፋይል በስልክ መስመር የሚላክበት፣ እያንዳንዱ ደቂቃ ገንዘብ የሚያስከፍልበት ስለነበር ፋይልን ጠቅልሎ ማሳነስ ትልቅ ቁም ነገር ነበር፡፡ ካትዝ አርክ ከሚባለው የሌላ ኩባንያ ፕሮግራም የሚፈጥን ሥራ ይዞ ብቅ አለ፡፡ የአርክ ባለቤቶችም በ1988 በቅጂ መብትና በንግድ ምልክት ጥሰት ከሰሱት፡፡ ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ካትዝ ገንዘብ ከፈለ፤ ፕሮግራሙንም መሸጥ ለማቆም ተስማማ፡፡

ለሕግ ሰው የሚገርመው ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው፡፡ በ1989 ዚፕን ሲያወጣ የፋይሉን አሠራር በዝርዝር ጽፎ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቀው፡፡

በድሮዎቹ ኮምፒውተሮች የፋይል ዓይነት የሚመዘገበው ከይዘቱ ውጭ ነበር፡፡ በዶስ ከስሙ በኋላ የሚመጡ ሦስት ፊደላት ነበሩ፤ በማኪንቶሽ ደግሞ ለብቻው የተቀመጠ መለያ፡፡ ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር መለያው መንገድ ላይ ይቀርና ተቀባዩ የደረሰው ደብዳቤ ይሁን ሥዕል ግራ ይገባው ነበር፡፡ ዚፕ ግን ስሙ ቢቀየር እንኳ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ይታወቃል፡፡ በውስጡ የታሸጉትን ፋይሎች ስም ከነቅጥያው፣ መጠናቸውንና ጉዳት መፈተሻ ቁጥራቸውንም ይዞ ይጓዛል፡፡

የመንዝ አድባራት የብራና መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው፡፡ የእንጨት ገበታቸው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ርዕስ የለም፡፡ ገልጦ ያነበበ ግን ገድል ይሁን መዝሙረ ዳዊት ወዲያው ይለየዋል፡፡

የሰው ፋይል በሥርዓት እንዲታሸግ ያደረገው ካትዝ የራሱን ሕይወት መሰብሰብ አልሆነለትም፡፡ በመጠጥ ሱስ ተጎድቶ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 2000 ሚልዋኪ በሚገኝ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ዕድሜው 37 ነበር፡፡

ሥራው ግን አብሮት አልተቀበረም፤ አሠራሩን ሌሎችም ያውቁታልና፡፡ ፍርድ ቤቶቻችንና መሥሪያ ቤቶቻችን መዝገባቸውን ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ ይህን ሊያስቡበት ይገባል፡፡ አንድ ሻጭ ብቻ የሚከፍተው መዝገብ፣ ሻጩ የከሰረ ዕለት የባለጉዳዩን መብት ይዞ ይዘጋል፡፡