አሌክሲ ካሬል፦ ቁስልን ያከሙ፣ የሕዋስን እርጅና የካዱ ሐኪም

ኢዲዮፓቲክ ፐልሞናሪ ፋይብሮሲስ በብዛት የማይታይ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን የሚያጠቃ የሳንባ ሕመም ነው። በዛሬው አረዳድ የበሽታው እምብርት የጥገና ጉድለት ነው፤ የአየር ከረጢቶችን ሽፋን የሚያድሱት ሕዋሳት ሲያረጁ መከፋፈል ያቆማሉ፣ የተጎዳው ቦታም በጠባሳ ይሞላል። ይህ ማብራሪያ የቆመው ሕዋስ ራሱ ያረጃል በሚል ሐሳብ ላይ ነው። ሐሳቡ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሰሚ እንዲያጣ ካደረጉት ሰዎች ቀዳሚው አሌክሲ ካሬል ናቸው።

ካሬል እ.ኤ.አ. በ1873 በፈረንሳይ፣ በሊዮን ከተማ አጠገብ ተወለዱ። በ1894 ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በዚያችው ከተማ በጩቤ ተወግተው ሞቱ፤ የተቆረጠውን ትልቅ የደም ሥር መስፋት የሚችል ሐኪም አልነበረም። ወጣቱ ካሬል ከጥልፍ ባለሙያ ዘንድ ሄደው በቀጭን መርፌ መስፋትን ተለማመዱ፤ በ1902ም የደም ሥሮችን ጫፍ ለጫፍ የማጋጠም ዘዴያቸውን አሳተሙ። ከ1906 ጀምሮ በኒው ዮርክ በሮክፌለር ተቋም ሠሩ፤ በ1912 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው ዓመት ጥር ወር ከጫጩት ሽል ልብ ቁራጭ ወስደው በመስታወት ዕቃ ውስጥ ማሳደግ ጀመሩ። ሕዋሳቱ ከሽል በተጨመቀ ፈሳሽ እየተመገቡ፣ በረዳታቸው በአልበርት ኢቤሊንግ እጅ እስከ 1946 ቆዩ። ካሬል ከዚህ የደረሱበት መደምደሚያ ሕዋስ በባሕርዩ አይሞትም፣ የሚያረጀው በዙሪያው ያለው ፈሳሽ ነው የሚል ነበር። ሕዋሶቻቸው የሞቱባቸው ሌሎች ተመራማሪዎች ጥፋቱን በገዛ አያያዛቸው ያላክኩ ነበር።

የሚያስገርመው ግን ተቃራኒው ማስረጃ ከካሬል ደጃፍ አለመራቁ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኮምፒዬኝ ሆስፒታል፣ ከኬሚስቱ ከሄንሪ ዴኪን ጋር የቀመሩትን መድኃኒት በወታደሮች ቁስል ላይ ያፈሱ ነበር። በዚያው የሠራው ፒየር ለኮምት ዱ ኑዊ የቁስሎችን ስፋት በየጊዜው እየለካ፣ ቁስል የሚጠግግበት ፍጥነት ከቁስለኛው ዕድሜ ጋር እንደሚቀንስ በስሌት አሳየ። ካሬል ይህንንም ወደ ፈሳሹ መለሱት። ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ ያረጁ ሕዋሳት የሚያመነጯቸው ንጥረ ነገሮች ጎረቤት ሕዋሳትን እንደሚጎዱና ጠባሳን እንደሚያባብሱ ዛሬ ይታወቃል። ስሕተታቸው አንዱን እውነት ለሌላው መካጃ ማድረጋቸው ነበር።

በ1935 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰውን ዘር በምርጫ ማሻሻልን ደገፉ፤ በ1941 በቪሺ መንግሥት ሥር የምርምር ተቋም መሩ። በኅዳር 1944 ከጠላት ጋር ተባብረዋል በሚል ክስ እንደተነሣባቸው ፓሪስ ላይ ሞቱ።

በ1961 ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በፊላደልፊያ በዊስታር ተቋም የሰው ፋይብሮብላስቶች ወደ 50 ጊዜ ያህል ከተባዙ በኋላ እንደሚቆሙ አሳዩ። የካሬል ሕዋሳት ለምን እንዳልቆሙ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ ከምግቡ ጋር አዳዲስ የሽል ሕዋሳት ሳይታወቅ ይገቡ ነበር የሚል ነው። ከሄይፍሊክ ሕዋሳት ይበልጥ የታወቀው ደብልዩ አይ-38 የተገኘው ከሽል ሳንባ ነበር። በ2007 ደግሞ የክሮሞዞም ጫፎችን የሚያድሰው የቴሎሜሬዝ ዘረመሎች ጉድለት፣ ይኸው የሳንባ ሕመም በዘር በሚወርድባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ ተገኘ።