ሄንሪክ ሄርትዝ እና የማይታየው ማዕበል

የሄንሪክ ሄርትዝን የሕይወት ታሪክ ላቀርብላችሁ የተነሣሁት፣ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነው ይህ ሰው ባለፈው ክረምት ከኀፍረት ስላዳነኝ ነው።

ሄርትዝ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በ1857 እ.ኤ.አ. ተወለደ። አባቱ የሕግ ሰው ነበር። ልጁ ግን ከመጻሕፍቱ ሌላ የእንጨት ሥራ ይወድ ነበር። በበርሊን ተምሮ በ1880 የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ፤ በ1885ም በካርልስሩኸ ከተማ መምህር ሆነ።

የስኮትላንዱ ሊቅ ማክስዌል የኤሌክትሪክ ማዕበል በብርሃን ፍጥነት እንደሚጓዝ በሒሳብ አስረድቶ ነበር። በዓይን ያሳየ ግን አልነበረም። ሄርትዝ በአዳራሹ አንድ ወገን የኤሌክትሪክ ብልጭታ አስነሣ፤ በሌላው ወገን ምንም ሽቦ ሳያገናኘው ትንሽ ብልጭታ ታየ። በ1888 ደግሞ ከዚንክ ቆርቆሮ ጎባጣ መስተዋት ሠርቶ ማዕበሉን ወደ አንድ አቅጣጫ መራው። መስተዋቶቹ ፊት ለፊት ሲተያዩ ብልጭታው ይታያል፤ ፊታቸውን ሲያዞሩ ይጠፋል። ቢተያዩም እንኳ አንዱ ቆሞ ሌላው ከተጋደመ ብልጭታው አይገኝም።

በዚያ ዘመን ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ከአንኮበር የሚላክ ወሬ የሚደርሰው በእግረኛና በፈረሰኛ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በክረምት ዕረፍት ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አንኮበር ሄድሁ። አጎቴ ከቤታቸው ያለውን ኢንተርኔት ከሸለቆው ማዶ ላሉት ለአክስቴ በሁለት አንቴና ሊያሻግሩላቸው አስበው ነበር። አክስቴ ዕቃውን የገዙት ለልጃቸው ትምህርት ብለው በግ ሸጠው ነው። እኔም ዐውቃለሁ ብዬ የአክስቴን አንቴና ጣራ ላይ ሰቀልሁ። ግማሽ ቀን ሙሉ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ባዞረው ሲግናሉ ከፍ አላለም። ጉሙን ወቀስሁ፤ ዕቃውንም ወቀስሁ። አጎቴ ዕቃው ብልሽት ስላለበት ለነጋዴው ይመለስ አሉ። አክስቴ ግን ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ማታ የፊዚክስ መጽሐፌን ስገልጥ የሄርትዝን ሙከራ አነበብሁ። ሲነጋ ጣራው ላይ ወጥቼ ባየው የአጎቴ አንቴና ቆሞ የእኔው ተጋድሟል! ሩብ ዙር አዙሬ አቆምሁት። ሲግናሉ ወዲያው ከፍ አለ። ጥፋቱ የጉሙም የነጋዴውም ሳይሆን የእኔ መሆኑን ለሁለቱም ተናገርሁ።

ሄርትዝ በ1889 ወደ ቦን ከተማ ተዛወረ። ብዙም ሳይቆይ ታመመ፤ ሚስቱንና ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆቹን ትቶ ጥር 1 ቀን 1894 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ያገኘው ማዕበል ለሥራ ይጠቅማል ብሎ አላሰበም ነበር። ዛሬ ግን በሬዲዮናችን ላይ የምናነበው ሜጋ ሄርትዝ የእርሱን ስም ይጠራል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ሰው የተማርሁት በዕቃና በሰው ከማሳበብ በፊት የራስን ሥራ መመርመርን ነው። የአክስቴ ልጅም ትምህርቷን እየተከታተለች ነው።