የዳገቱ ማርሽና የሜዳው ማርሽ፤ የሉዊ ሬኖ ታሪክ

ማርሹ በእጅ የሚለወጥ መኪና የሚነዳ ሰው ዳገት ሲገጥመው ማርሽ ይቀንሳል፤ ሜዳ ላይ ሲወጣ ይጨምራል። እጁ ስለ ለመደው ምክንያቱን አይጠይቅም። ለዳገት የሚሆነውን አጭር ማርሽና ለሜዳ የሚሆነውን ረጅም ማርሽ በአንድ ካምቢዮ ውስጥ አስማምቶ ማኖር ግን መኪና በተወለደበት ዘመን ብዙዎችን ያስቸገረ ነገር ነበር። የፈረንሳዊው የሉዊ ሬኖ ስም የተነሣው ከዚሁ ችግር ነው።

ሬኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1877 ዓ. ም. በፓሪስ ተወለደ። አባቱ በጨርቅና በልብስ ቍልፍ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። ልጁ ግን ለትምህርትም ለንግድም ልቡን አልሰጠም፤ ሐሳቡ ሁሉ በብረትና በሞተር ላይ ነበር። ቤተ ሰቡ በቢያንኩር በነበራቸው ቤት፥ በአትክልቱ ቦታ ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ መሥሪያ አበጀ። በ1898 ከደ ዲዮን ቡቶን ፋብሪካ የወጣች ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ፈታትቶ ባለ አራት እግር መኪና አደረጋት።

የማርሹ ነገር እንዲህ ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ አራት ጊዜ የሚዞር ከሆነ ማርሹ አጭር ነው እንበል፤ ሦስት ጊዜ ብቻ ከዞረ ረጅም ነው። ጎማው በአንድ ዙር 2 ሜትር ቢሄድ፥ ሞተሩም በደቂቃ 1,500 ጊዜ ቢዞር፥ አጭሩ ማርሽ መኪናዪቱን በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር፥ ረጅሙ 60 ኪሎ ሜትር ያስኬዳታል። ታዲያ ሁልጊዜ ረጅሙን መምረጥ አይሻልም ወይ? ያሉ እንደሆነ፥ በረጅሙ ማርሽ ጎማውን የሚገፋው ኀይል በአንድ አራተኛ ያንሳል። ትንሽ ሞተር ያላት መኪና ዳገት ላይ ትንፋሿ አጥሮ ትቆማለች። አጭሩን ብቻ የያዘ ደግሞ ሞተሩ እየጮኸ፥ ቤንዚኑ እያለቀ፥ ሜዳ ላይ ሁሉም ይቀድመዋል። ሁለቱንም እይዛለሁ የሚል ሰው ሌላ ዕዳ አለበት፤ ኀይሉ በተጣመሩ ጥርሶች ባለፈ ቍጥር ጥቂቱ በፍትጊያ ይባክናልና።

በዚያን ጊዜ በነበሩት በብዙዎቹ መኪናዎች ኀይሉ በየትኛውም ማርሽ በጥርሶች አልፎ፥ በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ ይደርስ ነበር። ሬኖ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ ሠራ። አንደኛውና ሁለተኛው ለመነሻና ለዳገት ሆነው በጎን ዘንግ ጥርሶች በኩል ይሠራሉ። ሦስተኛው ሲገባ ግን ከሞተር የሚመጣው ዘንግና ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ፊት ለፊት ተቈላልፈው እንደ አንድ ዘንግ ይዞራሉ። ሰንሰለቱንም አስወግዶ ዘንጉን ከኋላው አክስል ጋር አገናኘው። ስለዚህ ብዙ መንገድ የሚሄዱበት ረጅሙ ማርሽ ኀይል ብዙም የማይባክንበት፥ ድምፁም ዝግ ያለ ሆነ። እንደ እኔ አስተያየት የሰውዬው ብልኀት እዚህ ላይ ነው፤ ሞተሩን ከማሳደግ ይልቅ ያለው ጉልበት በመንገድ እንዳይፈስ አደረገ።

በፈረንጆች ገና ዋዜማ፥ ዲሴምበር 24 ቀን 1898፥ ሥራው ተፈተነ። በሞንማርትር ያለው የሌፒክ መንገድ በየ100 ሜትሩ 13 ሜትር ገደማ የሚነሣ አቀበት ነው። የመኪናዪቱ ሞተር ሁለት የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም ነበር። የ21 ዓመቱ ወጣት አቀበቱን ወጣው፤ በዚያችም ሌሊት 12 መኪና ታዘዘለት። በፌብርዋሪ 1899 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ከወንድሞቹ ከማርሴልና ከፈርናንድ ጋርም ኩባንያ አቋቋመ። ሌሎች ፋብሪካዎች ካምቢዮውን ቢቀዱበት በፍርድ ቤት ተከራክሮ አስከፈላቸው።

በ1902 ከፓሪስ እስከ ቪየና በተደረገው እሽቅድምድም ማርሴል በቀላል የሬኖ መኪና 1,800 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን የአርልበርግን ተራራ ተሻግሮ፥ እጅግ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸውን መኪናዎች ቀድሞ ገባ። ደስታው አንድ ዓመት አልቈየም። በሜይ 1903 ከፓሪስ ወደ ማድሪድ ሲሽቀዳደሙ ማርሴል በመንገድ ላይ ተገልብጦ ሞተ። ብዙ ሰው ስላለቀ መንግሥት ውድድሩን ቦርዶ ላይ አስቆመው። ሉዊም ከዚያ ወዲህ ለእሽቅድምድም መሪ አልጨበጠም።

ፋብሪካው ግን ተመልሶ ገባ። በጁን 1906 በለ ማን በተደረገው የመጀመሪያው የፈረንሳይ ግራን ፕሪ፥ የሃንጋሪ ተወላጅ የሆነው የሬኖ መካኒክ ፌሬንትስ ሲስ በሁለት ቀን 1,238 ኪሎ ሜትር በሰዓት 101 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ሄዶ አሸነፈ። ካምቢዮው አሁንም ባለ ሦስት ማርሽ ነበር። ሞተሩ 13 ሊትር ገደማ ስለ ነበረ ቀስ ብሎ እየዞረም ብዙ ይጐትታል፤ መንገዱም ረጃጅም ቀጥታ ነበረውና ረጅም ማርሽ ይመቸዋል። እንዲህ ያለ ሞተር በማርሾቹ መካከል ያለው ሰፊ ርቀት አያስቸግረውም፤ ትንሽ ሞተር ግን በለወጡ ቍጥር ዙሩ ወርዶ ጉልበቱ ይጠፋበታል።

በ1914 ወታደሮችን ወደ ማርን ጦር ግንባር ያደረሱት የፓሪስ ታክሲዎች አብዛኞቹ የሬኖ ሥራ ነበሩ፤ በ1917ም ፋብሪካው ስሙ የታወቀውን ቀላል ታንክ አወጣ። በሁለተኛው ጦርነት የሆነው ግን ሌላ ነው። ጀርመኖች ፈረንሳይን በያዙ ጊዜ ፋብሪካው ለእነርሱ የጭነት መኪና ሠራ፤ በማርች 1942ም የእንግሊዝ አይሮፕላኖች ደበደቡት። ፓሪስ ነጻ ከወጣች በኋላ፥ በሴፕቴምበር 1944፥ ሬኖ ከጠላት ጋር ተባብረሃል ተብሎ ታሰረ። ፍርድ ሳይሰጠው በኦክቶበር 24 ቀን ሞተ። በጃንዩወሪ 1945 መንግሥት ፋብሪካውን ወረሰ፤ ስሙን ግን አልለወጠውም።