አህጉራት እንደሚንቀሳቀሱ ያመለከቱት ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነር

የመንዝ፣ የግሼና የመርሃቤቴ ደጋዎችን የሸፈነው ጥቁር ዐለት፣ በቀዘቀዘበት ዘመን የነበረውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ በውስጡ ይዞ ቆይቷል። በሕይወት ሳሉ ሐሳባቸው ተቀባይነት ላጣው ጀርመናዊ ሳይንቲስት አልፍሬድ ቬገነር፣ ከሞቱ በኋላ የመሰከሩላቸው በዓለም ዙሪያ የሚገኙ እንዲህ ያሉ ዐለቶች ናቸው።

ቬገነር እ.ኤ.አ. በ1880 በበርሊን ከተማ ከአንድ የፕሮቴስታንት ቄስ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1905 በሥነ ፈለክ የዶክትሬት ዲግሪ ቢያገኙም ዋና ሥራቸው የአየር ጠባይ ጥናት ሆነ። በ1906 ከወንድማቸው ከኩርት ጋር በፊኛ ከ52 ሰዓት በላይ አየር ላይ በመቆየት የዘመኑን ክብረ ወሰን ሰብረዋል።

በጥር 1912 በፍራንክፈርት ባቀረቡት ጥናት አህጉራት በጥንት ዘመን አንድ እንደነበሩና ተለያይተው እንደተራራቁ አስረዱ። በ1915 ባሳተሙት መጽሐፍም በአትላንቲክ ውቅያኖስ ግራና ቀኝ የሚገኙ ዳርቻዎችን መገጣጠምና የቅሪተ አካላትን መመሳሰል በማስረጃነት አቀረቡ። ኢትዮጵያም በጥናታቸው ውስጥ ስፍራ ነበራት። በአንኮበር፣ በበርበራና በምጽዋ መካከል ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ምድር ኋላ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተሞላ ስለሆነ፣ እርሱ ቢነሣ የዐረቢያ ምድር ከአፍሪካ ጋር እንደሚገጥም ቬገነር አመልክተዋል።

ይሁን እንጂ አህጉርን የሚያህል ነገር የሚገፋው ኃይል ምን እንደሆነ አጥጋቢ መልስ ባለመስጠታቸው፣ በርካታ የሥነ ምድር ሊቃውንት ሐሳባቸውን ውድቅ አደረጉት። ቬገነር ግን መጽሐፋቸውን እያሻሻሉ እስከ 1929 ድረስ አራት ጊዜ አሳተሙ። በኅዳር 1930 በግሪንላንድ በረዶ መካከል ለነበሩ ተመራማሪዎች ስንቅ ለማድረስ ተጉዘው ሲመለሱ በ50 ዓመታቸው ሕይወታቸው አለፈ። አስከሬናቸው የተገኘው በግንቦት 1931 ነበር።

ማስረጃው የተጠናከረው በ1950ዎቹ ነው። ቅልጥ ዐለት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የብረት ማዕድናት እንደ ኮምፓስ መርፌ የዘመኑን የማግኔት አቅጣጫ ይይዛሉ። አቅጣጫው በምድር ወገብ አካባቢ አግድም ሲሆን ወደ ዋልታዎች እየቀረበ ሲሄድ ወደ ቁልቁል ያዘነብላል። ስለዚህ ዐለቱ ሲፈጠር ከምድር ወገብ ምን ያህል ይርቅ እንደነበር ማስላት ይቻላል። ብሪታንያውያኑ ፓትሪክ ብላኬት፣ ኪት ራንከርንና ቴድ ኢርቪንግ በዚህ ዘዴ ባካሄዱት ምርምር አህጉራት ከቀድሞ ስፍራቸው መራቃቸውን አሳዩ። በ1960ዎቹ መጨረሻም የአህጉራት መንቀሳቀስ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ።

የኢትዮጵያ ደጋማ ክፍል ዐለት አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች በውስጡ የተመዘገበውን የማግኔት አቅጣጫ ለክተው የአፍሪካን ጉዞ ለማወቅ ተጠቅመውበታል። የምድሪቱ መለያየት ዛሬም አልቆመም። በ1961 በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከመንዝ ደጋ ግርጌ የምትገኘውን የማጀቴ ከተማ አፍርሷል። በመስከረም 2005 ደግሞ በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር ተሰንጥቆ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል።

በመሆኑም የቬገነር ሐሳብ ለኢትዮጵያ የሩቅ ዘመን ታሪክ ብቻ አይደለም። በደጋው ጠርዝና በስምጥ ሸለቆ ለሚታነጹ መንገዶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የቦታ መረጣና የግንባታ ጥራት ሲታቀድ ሊታሰብበት የሚገባ እውነት ነው።