ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ

ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ (ኤፕሪል 26 ቀን 1822 – ኦገስት 28 ቀን 1903 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያ፣ ጋዜጠኛና ገበሬ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ከካልቨርት ቮክስ ጋር ሆኖ በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኘውን ሴንትራል ፓርክ በመንደፉ ነው። ከዚህም ሌላ በቺካጎ አጠገብ ለምትገኘው ለሪቨርሳይድ መንደር ያወጣው ንድፍ፣ የአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ከመንገድ ገባ ብለው፣ ያለ አጥር፣ ከፊታቸው የሣር ሜዳ ይዘው የሚሠሩበትን ልማድ ካስፋፉት ሥራዎች አንዱ ነው። በዚህም ምክንያት ስለ ደጅ ሣር፣ ስለ አጥርና ስለ ሰፈር ደንብ በአሜሪካ በሚነሣው ክርክር ውስጥ ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የወጣትነት ዘመን

ኦልምስቴድ በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ኦልምስቴድ ኑሮው የተደላደለ ነጋዴ ነበር። እናቱ አራት ዓመት ሳይሞላው ሞተችበት። አባቱ የገጠሩን ውበት ማየት ይወድ ስለ ነበር ቤተሰቡን ይዞ በሠረገላ ይጓዝ ነበር፤ ልጁም መልክዓ ምድርን መመልከት የተማረው ከእርሱ ነው። በወጣትነቱ በመርዛማ ተክል ምክንያት ዓይኑ ስለ ታመመ ወደ ዬል ኮሌጅ የመግባቱ ሐሳብ ተስተጓጎለ። በ1843 በመርከብ ሠራተኝነት ወደ ቻይና ተጉዞ ተመለሰ። ከዚያም እርሻ ተማረና አባቱ በገዛለት መሬት፣ መጀመሪያ በኮኔቲከት፣ ከ1848 ጀምሮ ደግሞ በኒው ዮርክ ስቴተን አይላንድ፣ ገበሬ ሆነ።

በ1850 ከወንድሙና ከአንድ ጓደኛው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። በሊቨርፑል አቅራቢያ የሚገኘውን የበርከንሄድ ፓርክ ባየ ጊዜ ተደነቀ። ይህ ፓርክ ጆሴፍ ፓክስተን የነደፈው፣ በ1847 የተከፈተና በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነበር። ኦልምስቴድን ከሁሉ ይልቅ የገረመው ድሃውም ሀብታሙም በአንድ ሣር ላይ እኩል መዝናናቱ ነበር። በጊዜው በአሜሪካ ይህን የሚመስል የሕዝብ ፓርክ እንዳልነበረ አስተዋለ። ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በ1852 ታተመ።

ከ1852 እስከ 1854 ዛሬ ኒው ዮርክ ታይምስ ለሚባለው ጋዜጣ ዘጋቢ ሆኖ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ተዘዋወረ። ባርነት የሰውን መብት ከመግፈፉ በላይ የአካባቢውን ኢኮኖሚና የማኅበረሰብ ኑሮ እንደሚያደኸይ በሰፊው ጻፈ። መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና ሰው የሚገናኝበት የጋራ ቦታ በሌለበት ሥልጣኔ አይጸናም የሚል እምነት ያደረበት በዚህ ጉዞ ነው። በኋላ ለከተሞች ያወጣቸው ንድፎች ሁሉ በዚህ እምነት ላይ የቆሙ ናቸው።

ሴንትራል ፓርክ

በ1857 ኦልምስቴድ የሴንትራል ፓርክ የሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ለፓርኩ ቦታ ሲባል ከተማው አስቀድሞ ነዋሪዎችን አስነሥቶ ነበር። ከእነዚህም መካከል አብዛኞቹ ነጻ ጥቁር አሜሪካውያን የነበሩበትና ብዙዎቹ የራሳቸው ቤትና መሬት የነበራቸው የሴኔካ ቪሌጅ ሰዎች ይገኙባቸዋል።

በቀጣዩ ዓመት ከእንግሊዛዊው አርክቴክት ከካልቨርት ቮክስ ጋር ያቀረበው ንድፍ ውድድሩን አሸነፈ። ቮክስን በ1850 ከእንግሊዝ ያመጣው አንድሩ ጃክሰን ዳውኒንግ ነበር። ዳውኒንግ በመጻሕፍቱና በመጽሔቱ አሜሪካውያን ቤታቸውን በተስተካከለ ሣርና በዛፍ እንዲያስውቡ ያስተማረ ሰው ሲሆን በ1852 በመርከብ ቃጠሎ ሞተ። ስለዚህ ኦልምስቴድ ስለ ሣር ሜዳ የነበረው አስተሳሰብ ከዳውኒንግ ትምህርት ጋር የተያያዘ ነው።

በ1859 የሟች ወንድሙን ሚስት ሜሪን አግብቶ ሦስት ልጆቿን እንደ ልጆቹ አሳደገ። በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት የዩናይትድ ስቴትስ የጤና ጥበቃ ኮሚሽን ዋና ጸሐፊ ሆኖ ለቆሰሉና ለታመሙ ወታደሮች እርዳታ አስተባበረ። ከ1863 እስከ 1865 በካሊፎርኒያ የአንድ የወርቅ ማዕድን ይዞታ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ከቮክስ ጋር የብሩክሊኑን ፕሮስፔክት ፓርክ ነደፈ።

የሪቨርሳይድ መንደር

በ1868 አንድ የልማት ኩባንያ ከቺካጎ በስተ ምዕራብ 9 ማይል ገደማ ርቆ፣ በዴስ ፕሌይንስ ወንዝ ዳር፣ 1,600 ኤከር (650 ሄክታር ገደማ) መሬት ገዛ። በአጠገቡ የባቡር ሐዲድ ስለሚያልፍ በከተማ የሚሠሩ ሰዎች በገጠር መኖር ይችላሉ ተብሎ ታሰበ። ንድፉን እንዲያወጡ የተጠሩት ኦልምስቴድና ቮክስ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ከተሞች መንገዶች ቀጥ ያሉና እንደ ገበታ መስመር የተቋረጡ ነበሩ። የሪቨርሳይድ መንገዶች ግን ጠመዝማዛ ሆነው ተነደፉ፤ ይህም ለችኮላ ሳይሆን ለእርጋታና ለመዝናናት የሚስማማ ተብሎ ነው። የወንዙ ዳርቻና በመንገዶቹ መጋጠሚያ ያሉት ትናንሽ መስኮች የሁሉም ነዋሪ ሆነው ተተዉ።

ስለ ግል ግቢዎች ደግሞ ኦልምስቴድ ለኩባንያው ባቀረበው ዘገባ ላይ መሠረታዊ ጥያቄ አነሣ፦ አንድ ሰው በገዛ መሬቱ ላይ የሚሠራው ነገር የጎረቤቱንና የመንገደኛውን ዓይን የሚነካ ሲሆን ደንብ እስከ የት ድረስ ሊገባ ይገባል? መልሱ ቁጥብ ነበር። ሰው የሚሠራውን ቤት ቅርጽ መቆጣጠር ተገቢ እንዳልሆነ ተናገረ። ነገር ግን ቤቱ መልከ ጥፉ ቢሆን እንኳ በመንገደኛው ፊት እንዳይደቀን ማድረግ ይቻላል አለ። ስለዚህ ቤቶች ከመንገዱ የተወሰነ ርቀት ገባ ብለው እንዲሠሩና እያንዳንዱ ባለቤት በቤቱና በመንገዱ መካከል አንድ ወይም ሁለት ዛፍ እንዲያኖር ሐሳብ አቀረበ። ርቀቱም 30 ጫማ (9 ሜትር ገደማ) እንዲሆን ተወሰነ። በእንግሊዝ ከተሞች ዳርቻ ያያቸውን ረጃጅም የግቢ ግንቦች አጥብቆ ይነቅፍ ነበር፤ ግንቡ ባለቤቱን ከጎረቤቱ ይለያል፣ መንገደኛውንም ምንም እንዳያይ ያደርጋል ብሎ ያምን ነበርና።

በዚህ መንገድ የየቤቱ ደጅ አንድ ላይ ሲታይ እንደ አንድ ፓርክ ሆነ። መሬቱ የግል ነው፤ እይታው ግን የጋራ ነው። የሐሳቡ ጥንካሬም ሆነ በኋላ ያስከተለው ጠብ ከዚህ ይመነጫል።

የኩባንያው ሥራ አልተሳካለትም። የ1871 የቺካጎ ቃጠሎና የ1873 የገንዘብ ቀውስ አከሰሩት። መንደሯ ግን በንድፉ መሠረት ቀስ በቀስ ተሠርታ በ1970 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብላ ተመዘገበች።

በደረቅ አገር ስለ ሣር የነበረው አቋም

የኦልምስቴድ ስም ከሣር ሜዳ ጋር ቢያያዝም እርሱ ሣር በሁሉም ቦታ ይተከል አላለም። በ1866 ለሳን ፍራንሲስኮ ባቀረበው የፓርክ ዕቅድ፣ በጋው ረጅምና ደረቅ በሆነበት፣ ነፋሱም በሚያይልበት ቦታ በእንግሊዝ ዓይነት ለምለም መስክ መመካት እንደማይገባ አስጠነቀቀ። ከተማው ዕቅዱን አልተቀበለውም። ከ20 ዓመት በኋላ ሌላንድ ስታንፎርድ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ እንዲነድፍለት በቀጠረው ጊዜም ይህንኑ አቋም ያዘ። የካሊፎርኒያ አየር ከኒው ኢንግላንድ ይልቅ ለሜድትራንያን አገሮች ይቀርባል፤ ስለዚህ ምሳሌ መፈለግ ያለበት ከዚያ ነው አለ። በዚህ ጉዳይ ከስታንፎርድ ጋር ብዙ ተከራከሩ።

የራሱ ቤት

በ1883 ኦልምስቴድ በማሳቹሴትስ ግዛት በብሩክላይን ፌርስቴድ የተባለውን ቤት ገዛ። እዚያም ቢሮውን ከፈተ። የቤቱ ግድግዳ በሐረግ የተሸፈነ ነበር። ሣሩ የነበረው በመንገድ በኩል ሳይሆን ከቤቱ በስተ ደቡብ ሲሆን ዳር ዳሩ በቁጥቋጦ የተከበበ ነበር። በመንገዱ በኩል ደግሞ ከጥድ መሰል እንጨት የተሠራ አጥርና ቅስት ያለው በር ነበረው። ስለዚህ አጥር አልባ ሰፈርን የነደፈው ሰው ራሱ በአጥር ውስጥ ይኖር ነበር። በዛሬው ጊዜ ቤቱ በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር የሚጠበቅ ታሪካዊ ቦታ ነው።

በእነዚህ ዓመታት የቦስተንን የተያያዙ ፓርኮች፣ የ1893ቱን የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ግቢና በሰሜን ካሮላይና የሚገኘውን የቢልትሞር ይዞታ ነደፈ። በ1895 የማስታወስ ችሎታው ስለ ደከመ ከሥራ ወጣ። በ1898 በማሳቹሴትስ ወደሚገኘው ወደ ማክሊን ሆስፒታል ገባ፤ ስለ ሆስፒታሉ ቦታና ግቢ ቀደም ሲል ምክር የሰጠው ራሱ ነበር። በዚያው በ81 ዓመቱ ሞቶ በሃርትፎርድ ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ

የኦልምስቴድን ቢሮ ልጆቹ ጆን ቻርልስና ፍሬድሪክ ታናሹ ወረሱት። በእነርሱ ዘመን አባትየው በጥቂት መስመር ያስቀመጠው ደንብ እየረዘመ ሄደ። በ1920ዎቹ ፍሬድሪክ ታናሹ በካሊፎርኒያ በነደፈው በፓሎስ ቨርዴስ የቤቶቹ መልክ በአንድ የዳኞች ጉባኤ እንዲጸድቅ በሽያጭ ውሉ ተደነገገ። በዚያው ውል ነጭ ያልሆኑ ሰዎች ቤት እንዳይገዙ ተከለከለ። ይህ ዓይነቱ ክልከላ በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ሰፈሮች የተለመደ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት እንደማይችሉ የወሰነው በ1948 ነው።

ከ1947 ጀምሮ በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የተሠራው ሌቪታውን ከ17,000 በላይ ቤቶች ነበሩት። እዚያም አጥር ማጠር ተከለከለ፤ ነዋሪውም ሣሩን በየሳምንቱ እንዲያጭድ ግዴታ ተጣለበት። ኦልምስቴድ በሪቨርሳይድ የጠየቀው ርቀትና ዛፍ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ደንቡ የሣሩን ቁመት ወደ መቁጠር ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የቤት ባለቤቶች ማኅበራትና የከተማ አስተዳደሮች ሣሩ ባደገበት ወይም በደረቀበት ሰው ላይ መቀጫ ይጥላሉ።

የደንቦቹ ደጋፊዎች አንድ የተጎሳቆለ ደጅ የጎረቤትን ቤት ዋጋ ይቀንሳል፣ ውሉንም ገዢው ወዶ ፈርሟል ይላሉ። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው መቀጫው በድሆች፣ በአረጋውያንና በሕመምተኞች ላይ እንደሚከብድ፣ ሣሩም ውኃ እንደሚያባክን ይናገራሉ። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ በሣር የተሸፈነውን ቦታ ከ160,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ገምቶታል።

በቅርብ ዓመታት ሕጉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዘንበል ጀምሯል። ካሊፎርኒያ በ2014 በድርቅ አዋጅ ወቅት ሣሩን ውኃ ያላጠጣን ሰው የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዳይቀጣው ከለከለች። ፍሎሪዳ በ2019 ከተሞች በመኖሪያ ግቢ ጎመንና ቲማቲም የሚተክለውን ሰው እንዳይከለክሉ ደነገገች። ሜሪላንድ ደግሞ በ2021 ማኅበራት ነዋሪውን ሣር ብቻ እንዲተክል ማስገደድ እንዳይችሉ አደረገች።

በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች ኦልምስቴድን በምስክርነት ያቀርቡታል። አንዱ ወገን ደጅ የሰፈሩ ሁሉ እይታ ነው ያለውን ይጠቅሳል። ሌላው ወገን ደግሞ የሰውን ቤት ለሰውየው መተዉንና በደረቅ ምድር ሣርን አለመምከሩን ያስታውሳል።