አስታማሚዋ እቴጌ

የጅቡቲው ባቡር ሐዲድ አቃቂ የደረሰው በ1907 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ የቀረው መንገድ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ባቡሩ ከተማዪቱ እስኪገባ ሌላ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ መሐል አገር እንዲቀጥል በጥር 1900 ዓ.ም. የተሰጠው ፈቃድ የተጻፈው በአንድ ሐኪም ስም ነበር፤ ይኸውም የጓዴሉፕ ተወላጅና የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የግል ሐኪም በነበሩት በዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን ስም ነው። የባቡር ፈቃድ ለሐኪም መሰጠቱ ዛሬ እንግዳ ነገር ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን የአገሪቱ ጉዳይ ሁሉ ከአንድ ሕመምተኛ እልፍኝ ጋር የተያያዘ ስለነበረ፣ ወደ በሽተኛው የሚገባ ሰው ከመድኃኒት ሌላ ብዙ ነገር ይዞ ይገባ፣ ብዙ ነገርም ይዞ ይወጣ ነበር።

የዐፄ ምኒልክ የሕመም ዘመን በታሪክ መጻሕፍት የሚተረከው በአብዛኛው የሥልጣን ሽኩቻ ዘመን ሆኖ ነው። ማን ማንን አሻረ፣ ማን ከማን ጋር ዶለተ፣ ሦስቱ የአውሮፓ መንግሥታት በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ምን ተፈራረሙ የሚለው ጉዳይ ገጹን ይሞላዋል። እቴጌ ጣይቱ ብጡልም በዚህ ትረካ ውስጥ የሚታዩት ሲሾሙና ሲሽሩ፣ መኳንንቱም ሲያድሙባቸው ነው። ያው ሰባት ዓመት ግን የአንድ ቤት ዘመንም ነበር፤ የታመመ ባልና የምታስታምም ሚስት ዘመን። በጤና ሙያ ላይ የተሰማራ ሰው ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ከመጀመሪያው ይልቅ በቅርብ ያውቀዋል፤ በየዕለቱ በየሰዉ ቤት የሚያጋጥመው ነውና።

እቴጌ ጣይቱ የሰሜን መኳንንት ዘር ናቸው። ማንበብና መጻፍ ለሴት ልጅ ብርቅ በነበረበት ዘመን አማርኛና ግእዝ የተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ ሴት ነበሩ። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር ላይ ንጉሥ ምኒልክን ሲያገቡ ሁለቱም ለጋ ዕድሜያቸውን ያለፉ፣ ቀደም ሲልም ትዳር የቀመሱ ነበሩ። አብረው ልጅ አልወለዱም። ይህ ነገር ኋላ በሕመሙ ዘመን ብዙ ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ በአልጋው ዙሪያ ስማቸው ለወራሽነት የሚነሣው ሁሉ የምኒልክ ልጆችና የልጅ ልጆች እንጂ የእሳቸው አልነበሩም።

ፈውስ መሻት በዚያ ቤት ቀደም ብሎ የተለመደ ጉዳይ ነበር። የእንጦጦ ብርድ የጸናበት ቤተ መንግሥት ወደ ፍል ውሃው እየወረደ ይታጠብ እንደነበረ፣ በ1879 ዓ.ም. ከፍል ውሃው በላይ ቤት እንዲሠራ ያሳሰቡት፣ ቦታውንም አዲስ አበባ ያሉት እቴጌዪቱ እንደሆኑ የታወቀ ነው። ፍል ውሃው ለቁርጥማትና ለመሳሰለው ሕመም ፈውስ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበረ፣ ዋና ከተማዪቱ በከፊል በመታጠቢያ ዙሪያ የበቀለች ናት ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻ ደግሞ እቴጌዪቱ ሴቶችን አሰልፈው ለተዋጊው ውሃ አስቀርበዋል፤ ቁስለኛውንም አስረድተዋል። ከድሉ በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ቁስለኞችን ሲያክም፣ የአውሮፓ ሕክምና በአዲስ አበባ ቋሚ ስፍራ እያገኘ ሄደ።

ዐፄ ምኒልክ በተፈጥሯቸው ዕረፍት የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሳይነጋ ተነሥተው ጸሎት ካደረሱ በኋላ ደብዳቤ ሲያስነብቡ፣ ዳኝነት ሲሰጡ፣ የሕንፃ ሥራ ሲቆጣጠሩ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ መሣሪያ ሲመረምሩ ይውሉ ነበር። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. የአክስታቸው ልጅና የቅርብ አማካሪያቸው ራስ መኰንን ዐረፉ። ሐዘኑ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ እጅግ ጸና። በዚያው ዓመት ዛሬ ስትሮክ እየተባለ የሚጠራው የአንጎል ደም ሥር ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ጣላቸው። ከዚያስ ተነሡ፤ ሥራም ቀጠሉ። ነገር ግን ሕመሙ በተከታዮቹ ዓመታት እየተመላለሰ፣ በተመለሰም ቁጥር ከኃይላቸው ጥቂት እየወሰደ ሄደ። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ፣ የአገሩን አስተዳደር በዘመናዊ መንገድ ከማደራጀት ምኞት ጋር የዚህ ሕመም ጥላም አብሮ ነበረበት።

በዚያ ጊዜ ሕክምና ምን ሊያደርግላቸው ይችል እንደነበረ መገመት አያዳግትም። የደም ግፊትን በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ መለካት ገና አዲስ ነገር ነበር፤ ሩሲያዊው ቀዶ ሐኪም ኮሮትኮቭ በማዳመጫ የሚለካበትን ዘዴ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1905፣ ማለት ከመጀመሪያው ሕመም አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው። የደም ግፊትን ያለ ብዙ ጉዳት የሚቀንስ የሚዋጥ መድኃኒት ለመገኘት ሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት አስፈልጓል። የአንጎልን ውስጥ በኮምፒዩተር ራጅ ማየትም እ.ኤ.አ. እስከ 1971 የሚታሰብ አልነበረም። ስለዚህ ዶክተር ቪታልየንም ሆኑ ሌሎቹ የውጭ አገር ሐኪሞች ከምክርና ከዕረፍት ትእዛዝ ብዙም የዘለለ ነገር በእጃቸው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ለጸበል ወደ ደብረ ሊባኖስ መሄዳቸውም የሕክምናውን መንገድ እንደመተው የሚቆጠር አይደለም። ሐኪሙንና ጸበሉን ጎን ለጎን ማስኬድ ያኔም ዛሬም የአገሩ ሕመምተኛ ልማድ ነው፤ ቤተ መንግሥቱም ከሕዝቡ ቤት በዚህ አይለይም ነበር።

እቴጌዪቱ በዚህ ሁሉ ውስጥ የእልፍኙን በር የያዙ ሰው ሆኑ። ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ፣ የትኛው ወረቀት ለበሽተኛው ይነበብ፣ የትኛው ይደር የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ከባድ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ይኖራል፤ ዘመድም ያማዋል። እዚህ ግን ሕመምተኛው ንጉሠ ነገሥት ስለሆነ፣ ጠያቂን መመለስ መንግሥትን መያዝ ተባለ። ሐሜቱ ያለ ምክንያት ነበር ለማለት አይቻልም፤ እቴጌዪቱ በዚሁ አጋጣሚ ወገኖቻቸውን መሾማቸውና ጋብቻ ማስተሳሰራቸው አይካድም። በሌላ በኩል ደግሞ በ1901 ዓ.ም. የመጣ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ መርዝ ተሰጥቷቸዋል የሚል ክስ አሰምቶ ቤተ መንግሥቱን አተራመሰው። ክሱ ተቀባይነት አላገኘም፤ ሐኪሙም ተሰናበተ። እንዲህ ያለ ወሬ ባለበት ግቢ በርን ጠብቆ መያዝ የሥልጣን ጥም ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ለአስታማሚ ፍትሕ አይሆንም።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከሁሉ የከፋው ሕመም መጣ። ዐፄ ምኒልክ አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ ንግግራቸውም ጠፋ። የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውም ሞግዚት መሆናቸው ተረጋግጦ ነበር። የአገሩ ጉዳይ ግን ለጥቂት ወራት በእቴጌዪቱ እጅ ቆየ። ቀን የመንግሥትን፣ ሌሊት የበሽተኛን ሸክም የያዙት ሴት በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ስድሳ ሊሞላ የተቃረበ ነበር። መኳንንቱና መሐል ሰፋሪው አድመው በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው። ከእንግዲህ ባልዎን ብቻ ያስታምሙ የሚል ነበር የፍርዱ ፍሬ ነገር።

ይህን ውሳኔ የታሪክ ጸሐፊዎች የእቴጌዪቱ ውድቀት አድርገው ያስቀምጡታል፤ በፖለቲካም ረገድ እውነት ነው። ማስታመምን ግን የተሻረ ሰው የሚወረወርበት ባዶ ቦታ አድርጎ ማየት ሥራውን ካለማወቅ የሚመጣ ነው። ግማሽ አካሉ የማይታዘዝ ሰው ራሱን አይገለብጥም። በአንድ ጎን በተኛበት ከዋለ በጥቂት ቀን ወገቡና ተረከዙ ይቆስላል፤ ቁስሉም ይመረቅዝና ደሙን ይመርዛል። መዋጥ የተሳነው ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ቀና ተደርጎ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በትዕግሥት መጉረስ አለበት። ሽንቱ፣ ልብሱ፣ የመገጣጠሚያው መድረቅ፣ መናገር ያልቻለ ሰው ሆድ መባስ፣ ይህ ሁሉ ሌሊትና ቀን ሰው ይፈልጋል። አሽከርና ገረድ የሞላበት ቤትም ቢሆን የሚያዝና የሚከታተል አንድ ዐይን ከሌለ በሽተኛ ይጎዳል።

ዐፄ ምኒልክ ከዚያ ከባድ ሕመም በኋላ አራት ዓመት ከሁለት ወር ያህል ኖረዋል። ፔኒሲሊን ባልተገኘበት፣ በሽተኛን በየሰዓቱ የማገላበጥ ሥርዓት በአገሩ በትምህርት ቤት ባልተሰጠበት ዘመን፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ይህን ያህል ጊዜ ከቆየ በአልጋው አጠገብ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበረ ማለት ነው። ስለ እቴጌዪቱ ከተጻፉት ብዙ ነገሮች መካከል ይህ ማስረጃ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም። በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ሆስፒታል የተቋቋመውም በ1902 ዓ.ም. ገደማ፣ ማለት ስም ሰጪው በዚሁ አልጋ ላይ በዋሉበት ወራት አካባቢ ነው። ከሆስፒታሉ እስከ እልፍኙ ሩቅ አልነበረም፤ በሽተኛው ግን በቤቱ ተኝቶ በቤተ ሰቡ እጅ ታመመ።

ከግቢው ውጭ ያለው ሕዝብ ንጉሡን ስለማያይ ሞተዋል የሚለው ወሬ ከዓመት ዓመት ይመላለስ ነበር። ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ልጅ ኢያሱም ያለ ሞግዚት ቀሩ። በ1905 ዓ.ም. አጋማሽ ወጣቱ አልጋ ወራሽ ቤተ መንግሥቱን ለመያዝ፣ በሽተኛውንም ከዚያ ለማንሣት በፈለጉ ጊዜ የግቢው ዘበኛ እምቢ አለ። ግቢው ተከበበ፤ ተኩስም ተነሣ። ነገሩ የበረደው በአቡነ ማቴዎስ ሽምግልና ነው። መናገር የማይችል ሕመምተኛ በተኛበት ቤት ደጅ የጠመንጃ ድምፅ ሲሰማ በውስጥ የነበረችው አስታማሚ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈችው፣ ወላጁን ወይም የትዳር ጓደኛውን ያስታመመ ሰው ሊያስበው ይችላል። በሽተኛው ከግቢው ሳይነሡ ቀሩ።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው በይፋ አልተነገረም፤ ለንጉሠ ነገሥት የሚገባው ለቅሶም አልተደረገም። አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን በስውር ተቀመጠ። በአገሩ ልማድ ሐዘንተኛ የሚጽናናው በድንኳኑ፣ በሙሾውና በሰዉ ብዛት ነው። ሰባት ዓመት ያስታመሙት እቴጌ ግን ባላቸውን በግልጽ ሊያለቅሱ አልቻሉም። ጥቂት ሳይቆዩ ከግቢው ወጥተው ወደ እንጦጦው አሮጌ ቤት እንዲሄዱ ተደረገ። ወይዘሮ ዘውዲቱም ከአባታቸው ቤት ወጥተው ወደ ፋሌ ተላኩ።

እንጦጦ ላይ እቴጌ ጣይቱ አራት ዓመት ያህል ኖሩ። ከዚያ ተራራ ወደ ደቡብ ሲመለከቱት ከተማዪቱ ከእግር በታች፣ ከእሷም ወዲያ ወደ አቃቂ የሚዘረጋው ሜዳ ይታያል። በዶክተሩ ስም ፈቃድ የተሰጠው ሐዲድ አቃቂ የደረሰው፣ በ1909 ዓ.ም.ም አዲስ አበባ የገባው በእነዚሁ ዓመታት ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱ ሲነግሡም እቴጌዪቱ ወደ ቤተ መንግሥት አልተመለሱም። ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዘመናቸውን በዚያ ለማሳለፍ ጠይቀው ነበር፤ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. በልብ ሕመም እንጦጦ ላይ ዐረፉ። ንግሥት ዘውዲቱ ለአባታቸው ባሠሩት በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከባላቸው አጠገብ ተቀብረዋል።